ክርክርና ክርስቲያናዊ አንደበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ ምእመናንን ሲመክር፥ ስለምናምነው ተስፋ ምክንያቱን ለሚጠይቀን ሰው መልስ ይዘን እንድንገኝ ያዝዘናል። በዚያው ቃል ላይ ግን መልሱ የሚሰጥበትን ጠባይ ይጨምርበታል፤ ይኸውም ገርነትና ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። ብዙዎቻችን የትእዛዙን መጀመሪያ እንወዳለን፤ መጨረሻውን ግን እንረሳለን። መልስ ማዘጋጀቱን እናውቅበታለን፤ በገርነት መመለሱ ግን ይከብደናል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ስለ ተረሳው የትእዛዝ ክፍል ልንነጋገር ወደድን።

በመንዝ ደጋ፥ በዘመሮና በአካባቢዋ ያሉ ሽማግሌዎች የቀድሞውን የሙግት ሥርዐት ሲያወሩ መስማት ደስ ያሰኛል። ላሎ ምድርም ሆነ ማማ ምድር ወይም ጌራ ምድር፥ የመንዝ ሰው ርስቱን የሚወድ ስለ ሆነ፥ ስለ ርስቱ መሟገትንም እንደ አንድ ሙያ ይቈጥረው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛው ፊት ይቆማሉ፤ ከሳሹ በትሩን አንሥቶ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ተከሳሹም «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። ዋስ ይጠራሉ፤ ነገሩ ሲጠናም በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች እንኳ የሚያልፈውን መንገደኛ አስቁመው ፍረደን ይሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ። «ተጠየቅ» የሚል ሰው እርሱም በተራው «ልጠየቅ» ለማለት የተዘጋጀ መሆን አለበት። አንዱ እየተናገረ ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል፤ ዳኛውም የአንዱን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ በ18ኛው ምዕራፍ፥ በሙግት ፊተኛው ተናጋሪ እውነተኛ እንደሚመስል፥ ባላጋራው መጥቶ ሲመረምረው ግን ነገሩ እንደሚገለጥ ያስተምራል። አባቶቻችን ስለ አንዲት ጥማድ የገብስ መሬት ሲሟገቱ የጠበቁትን ይህን ሥርዐት፥ እኛ ስለ ሃይማኖትና ስለ አገር ስንከራከር ብንጥሰው ምን መልስ እንሰጣለን?

ከሁሉ አስቀድሞ መከራከር በራሱ ኀጢአት እንዳይደለ ማወቅ ይገባናል። አንዳንድ የዋሃን ሰዎች ክርክር በተነሣ ቍጥር «የሰላም ጠላት ገባ» ይላሉ። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ በ15ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፥ ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ በሚለው ነገር በአንጾኪያ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሐዋርያት ክርክሩን አልፈሩትም፤ ወደ ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ ጴጥሮስ ተናገረ፥ ጳውሎስና በርናባስ መሰከሩ፥ ያዕቆብም ፈረደ። ጉባኤውም በሚናገሩት ጊዜ ዝም ብሎ ያዳምጥ እንደ ነበር መጽሐፉ ሳይጽፈው አላለፈም። ከዚህም ሌላ ቅዱስ ጳውሎስ የሐዋርያት አለቃ የሆነውን ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት እንደ ወቀሰው በገላትያ መልእክቱ ነግሮናል። ሁለቱም ግን አልተለያዩም፤ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ ቀን በዓላቸውን ታከብራለች።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን ክርክርን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርታችን ራሱ የተሠራው በክርክር ነው። መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል አንሥቶ ይተረጕማል፤ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል፤ ደግሞም «አንድም» ይላል። ተማሪውም ሁሉን ተቀብሎ ያጠናል። ይህች «አንድም» የምትባለው ትንሽ ቃል፥ አንድ ቃለ እግዚአብሔር ብዙ ምስጢር ሊኖረው እንደሚችል፥ ከእኔ በፊት የነበሩ አባቶችም እኔ ያላየሁትን አይተው ሊሆን እንደሚችል የምታስተምር የትሕትና ቃል ናት።

ከመንዝ አገር ስለ ሁለት ካህናት የሰማነውን እዚህ ላይ ብናነሣ ለትምህርታችን ይጠቅማል። ሁለቱ በልጅነታቸው ከአንድ ቍራሽ የበሉ፥ በአንድ ባና የተኙ የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። ኋላ ግን ትርጓሜ የተማሩት በተለያየ ጉባኤ ቤት ነው። አንድ ቀን በሰንበቴ ላይ ስለ አንድ ኃይለ ቃል ፍች ተከራከሩ። ክርክሩ ጦፈ፤ ሕዝቡም የዳር ተመልካች ሆኖ አንዱን «በለው» ሌላውን «መልስለት» እያለ ያሟሙቅ ጀመር። በመጨረሻም አንደኛው፥ መልስ ሲያጥረው፥ ጓደኛውን «መናፍቅ» ብሎ ጠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ተቋረጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የአንደኛው እናት ሲሞቱ፥ ሌላው ለፍትሐቱ ሳይመጣ ቀረ። በዚያ አገር ለእናት ቀብር አለመድረስ ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ የለም፤ በተማሪነቱ ዘመን እኒያ እናት ስንቅ ሲልኩ ለሁለቱም ብለው ይልኩ ነበርና።

ሽማግሌዎች ነገሩ አሳዝኗቸው ሁለቱን ወደ አንድ አረጋዊ የመጻሕፍት መምህር ወሰዷቸው። የኔታም የእያንዳንዳቸውን ፍች አናገሯቸው። ሁለቱም ከተናገሩ በኋላ አረጋዊው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጆቼ፥ አንተ የያዝኸው የመጀመሪያው ነው፤ አንተ የያዝኸው ደግሞ ‹አንድም› ተብሎ የሚከተለው ነው። ሁለቱንም እኔ ከመምህሬ ተቀብያለሁ» አሏቸው። ሁለቱ ካህናት አንገታቸውን ደፉ። በነጋውም አብረው ወደ መቃብሩ ሄደው ፍትሐት እንዳደረጉ ተነግሮናል። ነገር ግን ያለፉት ዓመታት አልተመለሱም፤ እናትም ከመቃብር ተነሥተው የልጆቻቸውን መታረቅ አላዩም። ክርክር ከመስመሩ ሲወጣ የሚያስከፍለን ዋጋ ይህን የመሰለ ነው።

ከግለሰብ ወደ አገር ታሪክ ብንሻገር የምናገኘው ይህንኑ ነው። ከመንዝ ብዙ ሳይርቅ በተጕለት ምድር ደብረ ምጥማቅ ትገኝ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በግብፅ ያለችው የእመቤታችን የምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን መፍረሷን ሰምተው፥ በስሟ ያሠሯት ናት። በዚያች ስፍራ በ1442 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ ለብዙ ዘመን የቆየውን የሰንበት ክርክር ፈጸመ። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር ይሉ ነበር፤ እግዚአብሔር በዐሠርቱ ቃላት ያዘዘውን ማን ይሽራል የሚል ነበር ማስረጃቸው። ሌሎቹ ደግሞ የእስክንድርያን ሥርዐት ተከትለው፥ ቀዳሚትን ማክበር ወደ አይሁድ ልማድ መመለስ ይሆናል ብለው ይሰጉ ነበር። የሁለቱም ስጋት ከንቱ አልነበረም፤ አንደኛው ስለ ትእዛዝ፥ ሁለተኛው ስለ ወንጌል ቀንቷል።

በዚህ ነገር የኤዎስጣቴዎስ ወገኖች ክህነት ተከልክለው ኖሩ፤ መሪያቸው አባ ፊልጶስ ዘደብረ ቢዘንም በሐይቅ ታስረው ነበር። በደብረ ምጥማቅ ግን በሁለቱ ጳጳሳት በአባ ሚካኤልና በአባ ገብርኤል ፊት ነገሩ ታይቶ፥ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ፤ የኤዎስጣቴዎስ ወገኖችም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ልብ እንበል! እያንዳንዱ ወገን አንድ ነገር ሰጠ፤ እያንዳንዱም አንድ ነገር ተቀበለ። ትናንት የተገፉት ዛሬ ወንድሞች ሆኑ። ቤተ ክርስቲያናችንም እስከ ዛሬ ሁለቱን ሰንበታት የምታከብረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገር ግን እውነትን የሚናገር ሰው የሚያስደስተውን ብቻ ተናግሮ አያቆምም። በዚያው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ለንጉሥና ለመስቀል፥ ለእመቤታችንም ሥዕል ስለሚደረገው ስግደት የተለየ ሐሳብ ይዘው በተነሡ ጊዜ፥ የደረሰባቸው መገረፍ፥ መሰደድና ሞት ነው። ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን አልተቀበለችም፤ ዛሬም ለእመቤታችንና ለመስቀሉ የሚገባውን ክብር ታስተምራለች። ሆኖም ትምህርትን አለመቀበል ሌላ፥ የተማረውን ሰው ሥጋ ማሠቃየት ሌላ ነው። ያንኑ ንጉሥ በደብረ ምጥማቅ ስናመሰግነው፥ በዚህ ደግሞ እናዝንለታለን።

በክርክር ረገድ ምሳሌ ሊሆነን የሚገባው ሌላው ንጉሥ ዐፄ ገላውዴዎስ ነው። የአውሮፓ ሚሲዮናውያን መጥተው የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ስሕተት አለበት ባሉ ጊዜ፥ ንጉሡ በ1547 ዓ.ም. የእምነት መግለጫውን ጻፈ። ቀዳሚትን የምናከብረው እንደ አይሁድ ልማድ እንዳይደለ፥ ግዝረትም የአገር ልማድ እንጂ የሕግ ግዴታ እንዳይደለ፥ በቀስታ ምክንያቱን ገለጠ። ከዚያ በፊትም አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በዐፄ ዳዊት አደባባይ ቢቱ ከተባለ ሰው ጋር ተከራክሯል፤ በ1416 ዓ.ም. በፈጸመው በመጽሐፈ ምስጢርም የመናፍቃንን ነገር እየጠቀሰ በመጻሕፍት ማስረጃ መልስ ሰጥቷል። የሁለቱም የጦር ዕቃ ብራናና ብርዕ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁላችን እናውቃለን። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በዐዋጅ አስገድዶ ለማስገባት በሞከረ ጊዜ ሕዝቡ ተነሣ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ሰይፍ መዘዘ፤ ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ። በመጨረሻም በሰኔ 1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት ተመልሶ ፋሲል ነገሠ። እኛ ኦርቶዶክሳውያን ይህን ታሪክ ስንናገር በዐዋጅና በሰይፍ የመጣ ሃይማኖት ልብ ውስጥ እንደማይገባ እንመሰክራለን። መልካም ምስክርነት ነው። ነገር ግን በሌላው ላይ የፈረድንበት ፍርድ በእኛም ላይ እንዲሠራ መፍቀድ አለብን።

የምንለው ስለ ቦሩ ሜዳ ነው። ከጐንደር ዘመን ጀምሮ ሊቃውንታችን ስለ ክርስቶስ መቀባት በሚናገረው ቃል ተለያይተው ነበር። አንዱ ወገን ቅባት፥ ሌላው የጸጋ ልጅ ወይም ሦስት ልደት፥ ሦስተኛው ተዋሕዶ ወይም ካራ ይባል ነበር። የጸጋው ወገን ከአብ ያለ እናት፥ ከድንግል ያለ አባት ከተወለደው ልደት ሌላ፥ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን ሦስተኛ ልደት ይለው ነበር፤ የተዋሕዶ ወገን ደግሞ ወልድ ራሱ ቅብዕ ነው፥ ልደቱም ሁለት ብቻ ነው ብሎ ይጸና ነበር። ክርክሩ በሸዋም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበርን ያናወጠ ነበር። ኋላም ንጉሥ ምኒልክ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ ገብረው ከታረቁ በኋላ፥ በግንቦት ወር ሁለቱ ነገሥታት በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ሊቃውንቱ ተከራከሩ፤ ተዋሕዶም ረታች።

እኛ የዚያች የተዋሕዶ ልጆች ነን፤ በሃይማኖቷም እንጸናለን። ሆኖም ከጉባኤው በኋላ እሺ አንልም ካሉት አንዳንዶቹ ምላሳቸው እንደ ተቈረጠ ተጽፏል። የወሎ እስላሞችም በዐዋጅ ተጠመቁ እንዲባሉ ተገድደዋል፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ተሰደደ፥ ብዙ ደም ፈሰሰ። ወገኖቻችን ሆይ፥ እስኪ በእውነት እንጠይቅ፤ በጉባኤ የረታች እውነት የተረታውን ሰው ምላስ ምን ያደርግላታል? ምላሱ የተቈረጠ ሰው ዝም አለ እንጂ አመነ አይባልም። በጉባኤ የተገኘውን ድል ቢላዋው አላጸናውም፤ እንዲያውም ለሚመጣው ትውልድ፥ ምናልባት በክርክሩ አልተረታ ይሆን የሚል ጥርጥር ትቶለት አለፈ።

ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሳለ ሎሌው በጥፊ በመታው ጊዜ የመለሰው መልስ በዮሐንስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ክፉ ተናግሬ እንደ ሆነ ክፋቱን አስረዳ፤ መልካም ከሆነ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ ማለቱ ነበር። ይህ ቃል ለተከራካሪ ሁሉ ሕግ ነው። ማስረጃ ያለው ሰው ያስረዳል፤ ማስረጃ ያጣ ሰው ይመታል። መምታት ደግሞ በእጅ ብቻ አይደለም። ስድብም ጥፊ ነው፤ የሰውን ዘሩንና አገሩን፥ ድኽነቱንና ያለፈ ኀጢአቱን አንሥቶ ማሳፈርም ጥፊ ነው። ሳይመረምሩ «መናፍቅ»፥ «ከሐዲ»፥ «የአገር ጠላት» ማለትም ጥፊ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ «እንግዲያስ እውነት አንዲት አይደለችምን? እውነትንና ሐሰትን በአንድ ሚዛን አስቀምጣችሁ እኩል ናቸው ልትሉን ነውን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንዲህ አንልም። ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ተሰብስበው አርዮስን ሲያወግዙ ልክ ነበሩ፤ ነገር ሁሉ «አንድም» አይደለምና። መምህሩ «አንድም» የሚለው ሁለቱ ፍች ከአንድ ሃይማኖት ሥር ሲበቅል እንጂ፥ ሃይማኖትን የሚያፈርስ ነገር ሲመጣ አይደለም። ስለዚህ ተከራካሪ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው፥ የተነሣው ነገር የሃይማኖት መሠረት ነው ወይስ የትርጓሜ ልዩነት፥ ወይስ የአገር ልማድ፥ ወይስ የራሱ ክብር ብቻ የሚለውን ነው። እውነት ለመናገር ከጠባችን የሚበዛው በመጨረሻው ረድፍ ይገኛል። የሃይማኖት መሠረት በሆነ ጊዜ እንኳ የምንጸናው በቃሉ ነው እንጂ በቍጣው አይደለም።

እንግዲህ ለክርክር ስንቆም ሦስት ነገር ከእኛ ይፈለጋል። አንደኛ፥ የባላጋራችንን ሐሳብ እርሱ ራሱ «አዎን፥ ያልሁት ይህንኑ ነው» ብሎ እስኪመሰክርልን ድረስ አስተካክለን መናገር ነው። ይህን ሳናደርግ የምንመልሰው መልስ ራሳችን ለሠራነው ጥላ እንጂ ለሰውየው አይደርሰውም። ሁለተኛ፥ መረታትን እንደ ሞት አለመፍራት ነው። በእውነት የተረታ ሰው ከስሕተቱ ተላቀቀ እንጂ ምን ጐደለበት? በሙግት የተሸነፈ ርስቱን ያጣል፤ በእውነት የተሸነፈ ግን እውነትን ርስት ያደርጋል። ሦስተኛ፥ ከክርክሩ በኋላ ስለሚሆነው ማሰብ ነው። ክርክሩ ዛሬ ያልቃል፤ ጎረቤትነቱ ግን አያልቅም። ነገ አብረን እንቀድሳለን፥ አብረን እናጭዳለን፥ አብረን እንቀበራለን። ነገ ልንመልሰው የማንችለውን ቃል ዛሬ አንናገር።

የዳር ተመልካች የሆነውም ሕዝብ ከዚህ ኀላፊነት አያመልጥም። በሰንበቴው ላይ «በለው» ያሉት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ፥ እነዚያ ሁለት ካህናት ምናልባት ወደ ስድብ ባልደረሱ ነበር። ለስድብ የሚስቅ ሰው የስድብ ተካፋይ ነው። ሰዎች ሲከራከሩ የምንሰማ ሁሉ፥ የሚያስረዳውን እናድንቅ፤ የሚሰድበውን ግን፥ የእኛ ወገን ቢሆን እንኳ፥ በዝምታችን እናሳፍረው።

እርቅም እንደማይቻል ተስፋ የሚቈርጥ ቢኖር፥ በዘመናችን ያየነውን ያስብ። ቤተ ክርስቲያናችን በአገር ቤትና በስደት ባሉ ሁለት ሲኖዶሶች ተከፍላ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ኖረች። በሁለቱም በኩል ሊቃውንት ነበሩ፤ ሁለቱም ቀኖና እየጠቀሱ ይከራከሩ ነበር፤ ውግዘትም ተወጋግዘው ነበር። ዋጋውንም የከፈለው በስደት ያለው ምእመን ነው፤ በአንድ ከተማ ሁለት መቅደስ ሠርቶ፥ ወንድሙ ወደ ቈመሰበት እንዳይገባ ሆኖ ኖሯል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ግን በዋሽንግተን ዲሲ አባቶች ተገናኝተው ታረቁ፤ ውግዘቱም ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ተመለሱ። የክርክሩ ነጥብ ሁሉ አንድ በአንድ ተፈትቶ አልነበረም፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ፊት ለማየት ፈቀደ። ከዚያም ወዲህ ሌላ ፈተና አላጣንም፤ ወደ ፊትም አናጣም። ስለዚህ የታረቅንበትን መንገድ እንዳንረሳው ያስፈልገናል።

ጻድቁ ኢዮብ ከሦስቱ ወዳጆቹ ጋር ብዙ ተከራከረ። እነርሱ ስለ እግዚአብሔር የሚከራከሩ መስሏቸው የቈሰለውን ሰው አቈሰሉት። በመጨረሻ እግዚአብሔር በእነርሱ ላይ ተቈጣ፤ ኢዮብም እንደ ረታ ተገለጠ። ነገር ግን ሲረታ አልሸለለም፤ እግዚአብሔርም «ድል አደረግህ፥ ሂድ» ብሎ አላሰናበተውም። ለወዳጆቹ እንዲጸልይላቸው ነው ያደረገው። መጽሐፉም በመጨረሻው ምዕራፍ እንደሚመሰክረው፥ ኢዮብ ከመከራው የተመለሰው ስለ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው።

እኛም በክርክር የተቀየምነው ሰው ካለ፥ ይህን ጽሑፍ አንብበን ስንጨርስ ስሙን በልባችን እናንሣው። እንደ ኢዮብም ስለ እርሱ እንጸልይ፤ በሕይወት ካለም ቀብሩ ሳይቀድመን እንድረስለት።

አምላከ አበው በአንደበታችን ላይ ጠባቂ ያኑርልን፤ የተለያዩትን ያገናኝልን፤ ቤተ ክርስቲያናችንን በእውነትና በፍቅር ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።